ደብተሩ ላይ ያልሞተው ባል

ሰልዋ ሁለት ባል ነበራት ይባላል። አንዱ ግመል ነድቶ ቆላ ሲወርድ ሌላው ጓዳ ይገባ ነበር አሉ፤ ይህን ያልሰማ የጎብዬ ገበያተኛ የለም። እኔም ጨው እየጨመርኩ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። እውነቱ ግን አንድ ፎቶ ነው።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት መሬት ሲመዘገብ ፎቶ አንሺው ለቀበሌያችን አንድ ቀን ብቻ ተመደበ። በአረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይለጠፋሉ፤ ማሳውም የሁለቱ እኩል ይሆናል። ያን ቀን የሰልዋ ባል አሚን ግመሎቹን ይዞ ወደ አፋር ወርዷል። ያልተገኘ ሰው መሬቱ ለሌላ ይሰጣል ተብሎ ተወርቷልና ታናሽ ወንድሙ ሙህሲን የአሚንን ኮት ለብሶ ከሰልዋ ጎን ቆመ። የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ አባባ ካሳው፣ "ያው አንድ እናት ናት የወለደቻቸው" ብለው አሳለፉት። አሚን ሲመለስ ደብተሩን አይቶ ሳቀ። ያልሳቀችው የሙህሲን ሚስት ሱአድ ናት፤ "ከእኔ ጋር አንድ ቀን እንኳ ፎቶ ተነስተህ አታውቅ" ብላ ሦስት ቀን ዘጋችው።

በሁለት ሺህ ሦስት አሚን በወባ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ሰልዋ ድርሻዋን በስሟ ልታዞር ቆቦ ሄደች፤ ሙህሲንም ተከተላት። ከጎጃም የተመደበው የመሬት ባለሙያ በለጠ ፎቶውን አየ፣ ሙህሲንን አየ።

"እህቴ፣ ባልሽ እኮ እዚሁ ቆሟል።"

"ወንድሙ ነው። ባሌ ሞቷል።"

"እንዲያ ከሆነ ምዝገባው ሐሰት ነው። ደብተሩ ይሰረዛል፤ ያሳለፉትም ሰዎች ይጠየቃሉ።"

ሙህሲን፣ "መሬቱ የአባቴ ነው፣ በሸሪዓ ይታይ" አለ፤ በዚያ ለእሷ ሩብ፣ የቀረው ለእሱ። እሷ ደግሞ፣ "መጀመሪያ የራሴ ግማሽ ይውጣ፣ ሩቤን ከአሚን ግማሽ እወስዳለሁ" አለች። ቃዲው ሁለታችሁም በሸሪዓ ለመዳኘት ካልተስማማችሁ አላይም ብለው መለሷቸው።

ሰልዋ ደብተሩ እንዳይሰረዝባት ብላ ጉዳዩን ሳትገፋ እንዲህ ተቀረቀረች። ማሳውን በእኩል ለሚያርስ ሰው እንዳትሰጥ የባሏ ፊርማ ይጠየቃል፤ በፎቶው ባል የሆነው ሙህሲን አይፈርምም። ሮቢት ከተማ እህቷ ዘንድ ሄዳ እንዳትኖር፣ ቀበሌውን የለቀቀ መሬቱን ይነጠቃል። ሌላ እንዳታገባ፣ በወረቀት ባለትዳር ናት። ብቻዋን ማሽላ ታርማለች፣ ብቻዋን ወፍ ትጠብቃለች፤ ሙህሲን ድንበሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። ወንበሩን የያዙት እኒያው አባባ ካሳው ናቸው።

"ልጄ፣ ሙህሲን ያግባሽ። የወንድም ሚስት መውረስ የአባት ወግ ነው። ደብተሩም ትክክል ይሆናል፣ ማንም አይጠየቅም።"

"ፎቶውማ አልቋል፣ የቀረው ኒካው ነው" አለች ሱአድ ከኋላ። ሙህሲን መሬት መሬቱን አየ።

ሰልዋ ነጠላዋን አጠበቀች።

"አባባ ካሳው፣ የአሚንን ቃሬዛ ከፊት የተሸከሙት አንቱ ነበሩ። ማንን ነው የቀበሩት?"