ድምፅ የሌላት ቁልፍ

የኦርፋ ግሪንሊ ፒያኖ አሁን እኔ ቤት ነው። ሊቃኘው የመጣ ባለሙያ ሁሉ ከመሃል ወደ ቀኝ ሰባተኛዋን ነጭ ቁልፍ ይጫንና «እማማ ዴልፊ፣ ይቺኛዋ እኮ ሞታለች» ይለኛል። «አውቃለሁ፤ አትንካት» እለዋለሁ። ኦርፋ በዕድሜዋ ሁለት ባል ቀብራለች፣ ራግታይም የሚባለውን እግር የሚያስመታ የፒያኖ ዜማ ዘጠኝ ደርሳለች፣ የከተማችንን ልጆች ግማሹን ፒያኖ አስተምራለች። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ መጀመሪያው ዜማዋ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ያኔ ሁለታችንም የሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ነበርን። ሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ በኛ በጥቁሮቹ ሰፈር፣ የአቶ ሙርላንድ ሱቅ እንሠራ ነበር። እኔ ባርኔጣ እሸጣለሁ፣ እሷ የሙዚቃ ኖታ ትሸጣለች። ገዢ ወረቀቱን አይቶ ብቻ አይገዛም፤ «እስቲ አሰሚኝ» ይላል፣ እሷም ቁጭ ብላ ትጫወትለታለች። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰዉን ቤቱ ሲያስቀረው ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ለራሷ ትጫወታለች። ግራ እጇ እንደ ሰልፈኛ እኩል ይራመዳል፤ ቀኝ እጇ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አቧራው ይንሳፈፋል፣ ከወንዙ የጀልባ ጡሩምባ ይመጣል፣ እኔም ባርኔጣ እንደያዝኩ የት እንዳለሁ እረሳለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ዜማዋ «የጭጋግ ጀልባ» የተወለደው እዚያ፣ ኋላ ከሱቁ ገዝታ የራሷ ባደረገችው በዚሁ ፒያኖ ላይ ነው። ሰባተኛዋ ቁልፍ ያኔም አትጮህም ነበርና ኦርፋ ዜማውን በዙሪያዋ ሠራችው። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ዝም። ያቺን ድምፅ ሰሚው በልቡ ይሞላታል።

ዜማው ሴንት ሉዊስ ታተመ። ሽፋኑ ላይ ግን «ኦ. ሌን» ይላል፤ ስሟን የደበቀችው አባቷን ፈርታ ነው። ዲያቆን ሳይላስ ግሪንሊ ፒያኖ ቃኚ ነበሩ። የሱቁንም ፒያኖ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት መጥተው የሚቃኙት እሳቸው ናቸው። ራግታይምን ግን የመጠጥ ቤት ጩኸት ነው ብለው ደጃፋቸው አያስደርሱትም። እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን የምትጫወተው ደግሞ ኦርፋ ናት። ቢታወቅባት ኦርጋኑንም የአባቷንም ፊት ታጣለች።

የሰፈራችን ልጃገረዶች ሚስተር ሌንን ሳያዩት አፈቀሩት። አንዷማ ኦርፋን «ሚስት አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምን አውቄ! ዓይን አፋር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለቻት ኦርፋ።

በነሐሴ፣ አያቶቻችን ከባርነት የወጡበትን ቀን በምናስብበት በነፃነት በዓላችን፣ ወንዙ ዳር ተሰበሰብን። አምባዛው ይጠበሳል፤ በጋሪ የመጣ ፒያኖ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል። ከካንሳስ ሲቲ የመጣ ቨርጂል ፕሩት የሚባል ባለ ቢጫ ጫማ ጎረምሳ ተቀመጠና «የጭጋግ ጀልባ»ን ጀመረ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ባዶውን ቦታ በድምፅ ሞላው።

«ኧረ ተሳሳትክ!» ብለው ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጮሁበት።

«እኔን ነው?» አለ እየሳቀ። «ያቺን ድምፅ አታሚው ረስቷት ነው እንጂ እኔ ጽፌያት ነበር። ኦ. ሌን ማለት እኔ ነኝ!»

ሰዉ አጨበጨበ። ኦርፋን ዞር ብዬ አየኋት፤ የያዘችውን የሎሚ ጭማቂ ብርጭቆ ሣሩ ላይ አስቀመጠች። አባቷ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጠዋል።

«ተይው» አልኳት ቀስ ብዬ። ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

እሷ ግን ተነሣች። «አታሚው ምንም አልረሳም» አለች። «እዚያ ቦታ ድምፅ የለም። እኔ በጻፍኩበት ፒያኖ ያቺ ቁልፍ አትጮህም።»

«አንቺ የጻፍሽው?» አለ ቨርጂል። «እህቴ፣ ፀሐዩ መትቶሽ ነው መሰለኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ዲያቆኑ ቀስ ብለው ተነሡ።

«የሙርላንድ ሱቅ ፒያኖ ነው» አሉ። «ከመሃል ወደ ቀኝ ሰባተኛዋ ነጭ። ውስጥ ክሩን የምትመታው መዶሻ ተሰብራለች። የምቃኘው እኔ ነኝ፣ አውቃታለሁ። አንተ ልጅ፣ ጫማህ ያምራል፤ በል ተነሣና ወንበሩን ለዜማው ባለቤት ልቀቅ።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያቺን ቁልፍ ላስተካክልልሽ እያልኩ ስንት ጊዜ ነው ያቆየሁሽ?»

«አራት ዓመት፣ አባባ።»

ኦርፋ ተጫወተች። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወንዙን ሲያዩ ቆዩና ዜማው ሳያልቅ ወደ ቤት ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች እስከ ገና ድረስ ኦርጋኑን ከለከሏት። እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። በሁለተኛው እትም ሽፋን ላይ ግን ሙሉ ስሟ ወጣ።

ከነፃነት በዓሉ በኋላ ባለው ሰኞ ከሰዓት ዲያቆኑ ሱቅ መጡ። አዲስ መዶሻ በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። እኔ ከባርኔጣዎቹ ኋላ ተደበቅሁ። የፒያኖውን ክዳን ከፈቱ፣ ወረቀቱን ፈቱ፣ ቆም አሉ።

«እስቲ ያንን ነገር አሰሚኝ» አሉ እንደ ገዢ።

ኦርፋ ተጫወተችላቸው። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። የዲያቆኑ ከንፈር ብቻ የጎደለችውን ድምፅ ሊያዜም ያህል ተንቀሳቀሰ። መዶሻዋን መልሰው በወረቀቱ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ። ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።

«ድገሚው» አሏት።