ሦስት ቀን ያደረው ፖስታ

ዕድሉን ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረውን መናገር አልችልም። ባህል አዳራሽ አካባቢ አንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ እኔና ጓደኛዬ ጎን ለጎን ተቀምጠን ክስና መልስ እንተይብ ነበር። ሁለታችንም የማኔጅመንት ምሩቆች ነን፤ ሁለታችንም ጠበቃ መሆን ያምረናል። ሌላ ዲግሪ ያለውን ሰው በሁለት ዓመት ሕግ አስተምሮ የሚያስመርቅ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ቆፍሬ ያወጣሁት እኔ። ለእሷ የነገርኳትም እኔው፣ በገዛ አፌ።

ለእኔ የሁለት መስመር ኢሜይል መጣልኝ፤ እናዝናለን ይላል። ለእሷ እንኳን ደስ አለሽ መጣላት። አቅፌ ሳምኳት፣ "እሰይ!" አልኩ። ግን ቀናሁባት። ከእኔ በምን ትበልጣለች? የማመልከቻዋን እንግሊዝኛ ያረምኩላት እኔ አይደለሁ?

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። የተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ያሸገው የውጤት ማስረጃ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ እዚያ መድረስ አለበት። በዚያው ሰሞን እናቷ ታመው ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተኙና ከአጠገባቸው መነሳት አልቻለችም። ሰኞ ዕለት ፖስታውን ሰጠችኝ።

"መናኸሪያ ጋ ካለው መላኪያ ቢሮ ነገውኑ ላኪልኝ እህቴ። ዓርብ ካለፈ አይደርስም። ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?"

ማክሰኞ በመላኪያ ቢሮው በር ላይ አለፍኩ፤ አልገባሁም። ስትደውል "ሲስተም የለም አሉኝ" አልኳት። በእኛ አገር ይሄን ሰበብ የሚጠረጥር የለም። ረቡዕም ሲስተም አልነበረም። ሐሙስም። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳ ዕቃዬ ጋር ይውላል፣ ያድራል። ልቀደው አላሰብኩም። ቀኑ በራሱ ጊዜ እንዲያልፍ ነበር የምጠብቀው፤ ያኔ ጥፋቱ የእኔ አይሆንም ብዬ። ዓርብ ጠዋት ግን ደወለችና "እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና እየጸለየችልሽ ነው" አለችኝ። ሄጄ ላክኩት። በደግነት አይደለም፤ በጸሎቱ ተናድጄ ነው።

በመጨረሻው ቀን ደረሰላት።

ልትሄድ ስትል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ልትሰጥ ወጣች። እኛ ጋ ሩቅ የሚሄድ ሰው ጌታ ያደረገለትን ሳይናገር አይሸኝም። ማይኩን ይዛ "ሰይጣን ሦስት ቀን ሙሉ ሲስተሙን ዘጋው!" አለች። "ጌታ ግን በመጨረሻው ሰዓት ከፈተው!" አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ቀለጠ። ሰይጣኑ በስተግራ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ እያጨበጨበ ነበር።

ፓስተሩ "የቅርብ ሰው ይምጣና እጅ ይጫንላት" ሲሉ ወደ እኔ ጠቆመች። ወጥቼ እጄን ትከሻዋ ላይ ጫንኩ። ያን ጊዜም ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ የምጸልየው ለጉዞ የገዛችውን አዲስ ጫማ እያየሁ ነበር። አሜን ስል አቀፈችኝ።

"በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቺ" አለችኝ በጆሮዬ። "ወረቀትሽን ለእኔ ላኪው፤ እዚያው ሆኜ በእጄ አስገባልሻለሁ። አንድ ቀን አላሳድረውም።"