አባቴ የገቡበት መለያ ጨዋታ

ደባርቅ ሳስተምር በትርፍ ሰዓቴ ፑል እጫወት ነበር። ይህንን ከአባቴ ደብቄ ሁለት ዓመት ኖርኩ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ከዳባት ወጣ ብሎ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ለእሳቸው ፑል ቤት ማለት ሥራ የጠላ ሰው የሚውልበት ነው። «አስተማሪ ልጅ አለኝ» ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ያ ድምፅ በእኔ ምክንያት ዝቅ እንዲል አልፈለግኩም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ፑል ቤት ከዳባት ልጆች ጋር ገጠመ። ሁለት ለሁለት ሆነን መለያው ጨዋታ ለእኔ ደረሰኝ። ተጋጣሚዬ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሲያገባም ሲስትም ፊቱ አይለወጥም። ሁለታችንም ኳሶቻችንን አስገብተን ጨረስንና ጠረጴዛው ላይ ነጯና ጥቁሯ ብቻ ቀሩ። ጥቁሯን ያስገባ ያሸንፋል። ተራው የእኔ ነው፤ ጥቁሯም ከጥጉ ቀዳዳ አንድ ክንድ አትርቅም።

ለመምታት ጎንበስ ስል በሩ ላይ አባቴን አየኋቸው። ገበያ ውለው ቤቴ ቢሄዱ አጡኝና ሰው ጠይቀው መጥተዋል።

ቶሎ መታሁ፤ ጥቁሯ የቀዳዳውን ጠርዝ ነክታ ተመለሰች። ጓደኞቼ ራሳቸውን ያዙ።

ሄጄ የአባቴን ጉልበት ሳምኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። አሁን እንሄዳለን።»

«ወዴት ነው የምንሄደው? አላለቀም እኮ» አሉና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ሰው ስለ ጨዋታው ጠየቅ አድርገው ለመምታት የተዘጋጀውን ልብስ ሰፊ አዩት። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን በያዘበት ሰዓት «የዳባት ልጅ ነህ አሉ፤ አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ይርዳህ!» አሉት ጮክ ብለው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አሜን አባቴ» አለ፣ መታ፣ ሳተ።

ጥቁሯ አሁን ርቃ መሃል ላይ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ መልሼ ቀና አልኩ። አባቴ የተቆጡ አይመስሉም፤ እንደማንኛውም ተመልካች አንገታቸውን አስግገው ጠረጴዛውን ያያሉ።

«የትኛዋን ነው?» አሉኝ።

«ጥቁሯን፣ ወደዚያኛው ጥግ።»

«ታዲያ ምን ያጣድፍሃል? እግር የላት!»

እውነታቸውን ነው። ቅድም የመታሁት ለማስገባት አልነበረም፤ ቶሎ ጨርሼ ከዓይናቸው ለመሸሽ ነበር። አሁን ግን አይተውኛል፤ የምደብቀው ነገር አልቀረም። ትንፋሼን ስቤ ቀስ ብዬ አስወጣሁ። እንጨቱን በጣቶቼ መሃል ሁለት ጊዜ አመላለስኩና መታሁ። ጥቁሯ ጠረጴዛውን በዝግታ አቋርጣ ገባች።

ልብስ ሰፊው እጄን ጨብጦ ወደ አባቴ ሄደ። «ምርቃትዎ ለልጅዎ ኖሯል» አላቸው።

«ኧረ አንተን ከልቤ ነው የመረቅኩህ!» አሉ አባቴ፣ የእውነት አዝነው።

ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ቁጣቸውን እየጠበቅኩ ነበር።

«ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያዝኑብኛል ብዬ።»

ቆም አሉ። «ያሳዘነኝስ መደበቅህ ነው። እኔን ሸሽተህ ስትጫወት መኖርህ።» ጥቂት እንደተራመድን ክንዴን ያዙኝ። «ያቺ ጥቁሯ ስትሄድ ግን ልቤ ልትወጣ ነበር። ምን ያህል ትዘገያለች!»

ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ ጠሩኝ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ቤትህ አልሄድም» አሉ። «በቀጥታ እዚያው እመጣለሁ።»