የእትዬ ማሚቴ ጽጌረዳ

ባለፈው ቅዳሜ ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት የተከራየችው ልጅ፣ ቦሌ አንድ ቢሮ የምትሠራው ሜሮን፣ በእርጥብ ሶፍት የተጠቀለለ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ይዛ በሬን አንኳኳችና "እማማ፣ ይቺን ያጸድቁልኛል?" አለችኝ። እማማ መባሉን ገና አልተቀበልኩትም፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት ለእማማነት ይቀረዋል ባይ ነኝ፤ ግን ለተክል ብሎ የመጣን ሰው ከበር አልመልስም። ቅርንጫፏን ተቀበልኩና ገና ሳላያት የተቆረጠውን ጫፍ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩ። ልጅቷ ሳቀች። ቲክቶክ ላይ ማር ውስጥ ንከሩት፣ ቀረፋ ነስንሱበት ሲሉ አይታለች፤ አሽትቱት ያለ ግን አልገጠማትም። እኔ ግን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሰው የሰጠኝን ቅርንጫፍ ሳላሸት ተክዬ አላውቅም።

የምኖረው የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለ ራሴ መናገር አላፍርም፤ እኔ የተከልኩት ይጸድቃል። በረንዳዬ ላይ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም፤ በተቆረጠ ጀሪካን ኮሰረትና በሶብላ፣ በቀለም ባልዲ ሎሚ፣ በብርጭቆ ውሃ ላይ ስሩን የለቀቀ የአቮካዶ ፍሬ ተደርድሯል፤ በብሎካችን ከኔ ጣሳ ተሸክሞ ያልሄደ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። ይህን እጅ የወረስኩት ከእናቴ ነው። እናቴ ግን የራሷን እጅ ለብዙ ጊዜ ደረቅ ነው ብላ ታምን ነበር።

ያደግሁት ሃያ ሁለት ሰፈር ነው። ዛሬ ካፌና ሆቴል ብቻ የሚመስለው ሃያ ሁለት፣ ያኔ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ የቆርቆሮ አጥር፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ፣ በየአጥሩ ሥር ደግሞ በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለ ጤና አዳም ነበር። ቀይ ጽጌረዳ ብዙ ቤት አለ፤ ሰፈራችን ጽጌረዳ ብሎ የሚቆጥረው ግን አንዱን፣ የእትዬ ማሚቴን ብቻ ነው። ነጭ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ቀላ የሚል፣ ዝናብ ያባራ ዕለት ሽታው እስከ ወፍጮ ቤቱ የሚደርስ ነበር። እትዬ ማሚቴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ሰርግ ሲኖር የሙሽራዋ እቅፍ አበባ የሚሄደው ከሳቸው ደጅ ነው፤ የታመመ ለመጠየቅም፣ መምህሩን ለሚሸኝ ተማሪም እንዲሁ፤ እና አበባ ፈልጎ የመጣው ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል፣ ወሬ ያወራል፣ ሳይመሽበት አይወጣም።

ቅርንጫፍ ለለመናቸውም እምቢ ብለው አያውቁም። ቆርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ "ያጽድቅልሽ" ብለው መርቀው ይሰጣሉ። ከሰፈሩ ግን ለአንድም ሰው አልጸደቀለትም። ሌላው ሰው ዘሩ አስቸጋሪ ነው ብሎ ተወው፤ እናቴ ግን ከራሷ ጋር አያያዘችው። ከኔ በኋላ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተውባታል። አንድ ድግስ ላይ ደግሞ አንዷ ጎረቤት፣ ክፋት ይሁን ቀልድ እንጃ፣ "የሷ እጅ ደረቅ ነው፤ የያዘችው አይበረክትም" ስትል በጆሮዋ ሰማች። ከዚያ ወዲህ እናቴ የሰው ሕፃን አታቅፍም። አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ገንፎውን ታገነፋለች፣ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥባለች፣ ሕፃኑን ሲሰጧት ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ "ጉንፋን ይዞኛል" ትላለች። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የሚይዛት ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ያቺ ጽጌረዳ ከጸደቀችላት እጇ ደህና ነው፤ በሆዷ እንዲህ ብላ ወሰነች። ሦስት ጊዜ ተከለች፣ ሦስቴም በሳምንቱ ጠቆረባት።

አራተኛውን እንዳመጣ የላከችኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እትዬ ማሚቴ አንድ ስንዝር የሚሆን ቆረጡልኝና "ቆይ አቧራውን ላለቅልቅልሽ" ብለው ማድ ቤት ገቡ። እኔም ውሃ ጠምቶኝ ተከተልኳቸው፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ለሽሮ የጣዱት ውሃ ይንፈቀፈቃል። ክዳኑን አነሡ፣ በስመ አብ አሉና የቅርንጫፉን ጫፍ ከፈላው ውሃ ውስጥ ነክረው አቆዩት፤ ከዚያ አውጥተው በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው በጨርቅ ጠቀለሉት። በስመ አብ ማለታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ኮቴዬን አጥፍቼ ወደ ደጅ ተመለስኩ። ሲሰጡኝ አሸተትኩት፤ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። "ያጽድቅልሽ ብለውሻል በያት" አሉኝ።

በራቸውን እንደዘጉ ከአጥሩ በላይ የወጣውን አንዱን ለጋ ጫፍ ይዤ ገነጠልኩት። እሾሁ ጣቴን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። የተቀቀለውን ቦይ ውስጥ ጣልኩ፣ ጥሬውን በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ለእናቴ ለምን አልነገርኳትም ካላችሁኝ፣ በኛ ቤት ልጅ ሆኖ የትልቅ ሰው ነውር ማውራት ከመስረቅ የባሰ ጥፋት ነበር፤ ሁለቱን ጥፋት ደግሞ በአንድ ቀን መደረብ አልፈለግሁም።

እናቴ ቅርንጫፉን ስታየው ይሄም ይደርቅብኛል ብላ ፈራች። "አንቺ ትከይው፤ የልጅ እጅ ንጹሕ ነው" አለችኝ። በልጅነቴ አንድ ብልህ ነገር ሠርቼ ከሆነ እዚህ ላይ ነው። እኔ ተክዬው ቢጸድቅ ለሷ ምን ይተርፋታል? የተቀደደ ጣቴን አውጥቼ "እማዬ፣ አፈር መንካት አልችልም" ብዬ አለቀስኩ፤ ለቅሶው ግማሹ እውነት ነበር። ጣቴን አሰረችልኝ፤ ምርጫ ስታጣ ራሷ ጎንበስ አለች። ጫፉን ከአንጓው ሥር በምላጭ በሰያፍ ቆረጠች፣ ከላይ ሁለት ቅጠል አስቀርታ ሌላውን አራገፈች፣ ቀይ አፈርና አሸዋ ጣሳ ውስጥ ደባልቃ ተከለችና የማርማላታ ጠርሙስ ደፋችበት። ሜሮን ዛሬ በቪዲዮ የምታየው ይኸንኑ ነው፤ እናቴ ከማን እንደተማረችው አላውቅም።

ጠርሙሱ በውስጥ በኩል ላብ አዝሎ ከረመ። ሁለቱ ቅጠሎች ረገፉ። እናቴ ተስፋ ቆርጣ ልትነቅለው እጇን በሰደደች ቁጥር እኔ "እስከ እሁድ" እያልኩ እለምናት ነበር፤ በሦስተኛው እሁድ ከአንጓው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ ቡቃያ ብቅ አለች። እናቴ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ተነሥታ እጇን ታጠበችና ማንም ሳይጠራት አጠገባችን ያለች አራስ ቤት ገብታ "እስቲ ልጁን አምጪልኝ" አለቻት። በር ላይ ቆሜ አይቻታለሁ፤ አንገቱን አሸተተችው፣ ደረቷ ላይ አስተኛችው፣ ሲያለቅስም አልመልስም አለች። ጉንፋኗም በዚያው ለቀቃት። "እጄ ታስሮ ነበር፤ ተፈታልኝ" ትል ነበር ከዚያ በኋላ፣ ለማርያምም ተስላ ስለነበር በየዓመቱ ጃንጥላ ታገባ ጀመር።

ስታብብ እትዬ ማሚቴ መጥተው አዩዋት። ከየት አመጣሽው ቢሉ፣ እናቴ "እርስዎ የሰጡኝ ነዋ፣ እጅዎ ይባረክ" አለቻቸው። እሳቸው ጣቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር፤ እኔም እበላ ነበር። እናቴ ለለመናት ሁሉ እየቆረጠች ሰጠች፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያቺ ጽጌረዳ የሌለችበት አጥር ጠፋ፤ የእትዬ ማሚቴንም በር የሚያንኳኳ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ሰው የሚመጣላቸው በአበባዋ እንደነበር፣ የፈላውንም ውሃ ያመጣው ሰው ይቀርብኛል የሚል ፍርሃት እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አርባ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። እኛ ለየካ አባዶ፣ እትዬ ማሚቴ ለእህታቸው ልጅ ቤት ዕቃ እንጠቀልላለን። እጅግ አርጅተዋል፤ የሳቸው ጽጌረዳ ከደረቀች ቆይታለች። በከዘራ መጥተው ደጃችን ተቀመጡና እናቴን አንድ ቅርንጫፍ ለመኗት። እናቴ መቀሱን ስታነሣ "ቆይ" አሏት። "ያኔ የሰጠሁሽን ሁሉ ጫፉን ቀቅዬ ነው የሰጠሁሽ። የጸደቀችዋ ይቺ ልጅሽ የሰረቀችኝ ናት። ሳልናገር ብወስድ አይጸድቅልኝም።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ትቆጣለች ወይም ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ መቀሱን አስቀምጣ ሁለት መዳፎቿን ገልብጣ አየች። "እንግዲያው እጄ ታስሮም አያውቅም" አለች፤ ቀጥላም፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ልጆቼን የገደልኳቸው እኔ አይደለሁማ" አለች።

ያን ሁሉ ዘመን ጃንጥላ ስታገባ ደስ ብሏት ይመስለኝ ነበር። ተፈታልኝ ባለች ቁጥር ግን፣ ከመፈታቱ በፊት በዚያ እጅ ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ ማለቷ ነበር፤ ይህን ማንም አላወቀላትም፣ እኔም አላወቅሁላትም። እትዬ ማሚቴ ያለቅሳሉ። እናቴ፣ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይተካል ብላ፣ ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

እናቴ ከዚያ በኋላ የኖረችው አራት ዓመት ነው። በነዚያ አራት ዓመታት ስለ ልጆቿ ታወራኝ ነበር፤ ወንዱ ይልማ፣ ሴቷ ውባለም እንደምትባል፣ ውባለም ስትወለድ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ይወርድ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቀደም ብዬ እሰማው ነበር፤ እሷም ሠላሳ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ስማቸውን ትጠራ ነበር።