የሰደቃዋ ፍየል ጉልበት

ትናንት ከሰዓት አከራዬን ሐጂ ዩሱፍን ወደምሠራበት ቤተ ሙከራ ይዣቸው ሄጄ ነበር... ምነው ባልወሰድኳቸው እያልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ሐጂ ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያመጡ ጅግጅጋ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። እኔ ከደሴ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መጥቼ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ሐሊማ ካረፉ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው።

እትዬ ሐሊማ ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸው ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት። የማጠናውን ነገር ስነግራቸው «ታዲያ እኔ ሳልሞት አትጨርሰውም?» ብለው ሳቁብኝ። አልደረስኩላቸውም።

የማጠናው ይሄ ነው፦ መገጣጠሚያችን ላይ ያለው ለስላሳ ልም አጥንት አንዴ ካለቀ አይተካም። እና ከግመል ቆዳ ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን አውጥቼ እንደ ጄሊ አረጋዋለሁ፤ ከእንስሳ ልም አጥንት የወሰድኳቸውን ሴሎች ደግሞ ውስጡ አስቀምጣለሁ። እነሱ እዚያ ቤታቸውን ሠርተው አዲስ ልም አጥንት ያበጃሉ... ከተሳካ።

ለእትዬ ሐሊማ የሰባተኛ ቀን ሰደቃ ፍየል ስትታረድ፣ ሐጂን አስፈቅጄ አንዱን ጉልበት ወሰድኩ። ሥጋውን ጎረቤቱ ሁሉ በላ። እኔም በልቻለሁ።

ትናንት «ያ ጉልበት ምን ሆነ?» ሲሉኝ ነው የወሰድኳቸው። ትንሿን ሳህን ከማሞቂያው ሳጥን አውጥቼ አሳየኋቸው። ጄሊው መጀመሪያ ሳህኗን ሞልቶ ነበር። አሁን ጠርዙን ለቆ መሃል ላይ ተኮማትሯል።

«ማነው የቆረጠው?» አሉ።

«ማንም አልነካውም ሐጂ። ሴሎቹ ናቸው ወደ ራሳቸው የሳቡት። በሕይወት አሉ።»

«የኛ ፍየል?»

«አዎ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «መምህር... ካልሞተች ታዲያ ምንድነው የበላነው?»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ፍየሏ ሞታለች፣ ሥጋውም ሐላል ነው፣ ልም አጥንት ግን ድሮም የደም ሥር ስለሌለው ደሙ ሲቆም ሴሎቹ ቶሎ አይሞቱም ብዬ አስረዳኋቸው። ምን እያልኩ እንደሆነ የገባኝ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

«ይሄ የፍየል ብቻ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

መዋሸት እችል ነበር... አልቻልኩም።

«የሰውም ያው ነው። ሴሎቹ ከሞት በኋላ ለጥቂት ቀናት ይቆያሉ።»

«ሐሊማን በዙሁር ሶላት ሰዓት አርፋ የዐስር ሶላት ሳይደርስ ቀብረናታል።»

«ሐጂ፣ እነሱ ምንም አያውቁም። አይሰማቸውም፣ አያማቸውም...»

አልሰሙኝም። ሳህኗ ላይ ጎንበስ ብለው በሶማሊኛ የሆነ ነገር ማውራት ጀመሩ። ጸሎት አይመስልም ነበር፤ ሰው ቤት ውስጥ ለሰው እንደሚያወራው ነው። ሶማሊኛዬ ጥቂት ነው። የሰማሁት «ሐሊማ» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሯቸውን ወደ ሳህኗ አዘነበሉ።

ቆይተው ቀና አሉና በአማርኛ «ከቀብሯ ቶሎ ተመልሰናል» አሉኝ።

ሳህኗን ወደ ማሞቂያው ስመልስ ጄሊው ተርገበገበ። ሳህኗን ስላነቃነቅኳት ነው... ይመስለኛል።

ዛሬ ጠዋት አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ተቀበሩ። አፈሩ ተመለሰ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሄደ። ዞር ስል ሐጂ ከመቃብሩ አጠገብ አልተነቃነቁም። ልጠራቸው ሄጄ እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሾፌሩ ደጋግሞ ጡሩምባ ነፋብን... ሐጂ ከመቃብሩ ጎን አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።