የሰብለ ታጣፊ አልጋ

ዛሬ የእህቴ ልጅ ሰብለ ያለ ስኳር ሻይ አቀረበችልኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ እንዲህ ልዋረድ?

እውነቱን ልናገር፤ ስኳሩ ሰበብ ነው።

ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቤት ዕቃ ንድፍ ተማሪ ናት። ለመመረቂያዋ ሲዘረጋ አልጋ፣ ሲታጠፍ የእህል ሣጥን የሚሆን ዕቃ ሠርታ በሚቀጥለው ሳምንት ልታቀርበው ነበር። እኔ "ባል ሲያስቸግርሽ ከነነፍሱ አጥፈሽ ትቆልፊበታለሽ" እያልሁ ሳበሽቃት ከረምሁ።

ትናንት ማታ የጎረቤታችን የአያ ሙላት ሚስት አረፉ። የሰፈሩን የሬሳ ሣጥን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አይከፍለኝም። እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ ደግሞ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ጣውላ የለም። ለሬሳ ሣጥን እንጨት ተጠይቆ "የለኝም" ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ጠዋት ሰብለ ለቅሶ ቤት ሳለች አልጋዋን ፈትቼ በእንጨቱ የሬሳ ሣጥኑን ሠራሁ።

ቀብር ላይ የአልጋዋን ማጠፊያዎች ቀዳዳ የሬሳ ሣጥኑ ላይ አይታ ለየችው።

"ጋሼ፣ እንጨቱ የኔ ነው?" አለችኝ ቤት ስንገባ።

"ብጠይቅሽ እምቢ ትይ ነበር?"

"አልልም ነበር። መስጠቱ ግን የኔ ነበር፤ እርስዎ ወሰዱብኝ።"

ከዚያ ያንን ስኳር የሌለውን ሻይ ፊቴ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

እናንተስ፣ ደግ የሠራችሁ መስሏችሁ የምትወዱትን ሰው ልፋት ያፈረሳችሁ አላችሁ? እንዴት ታረቃችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።

ቆዩ፣ በሩ ተንኳኳ። አያ ሙላት ናቸው። ሐዘንተኛ ከቀብር መልስ ሦስት ቀን ሳይሞላው ከቤቱ አይወጣም፤ እሳቸው ግን ኩታቸውን አዘቅዝቀው ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

"እንጨቷን የሰጠችን ልጅ አለች?" ይላሉ።