ማን አስተማራት?

የበደለኝ ሰው የዛሬው የልጄ አማት ነው። የበደለኝም በካሴት ዘመን፣ እሱ የመዘምራን መሪ፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ረድፍ የምቆም ወጣት ሳለሁ ነው። ስሙን አልጽፍም። ይህን ካነበበው ራሱን ያውቀዋል።

ነገሩ አጭር ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀረ። እኔ ሄጄ ቦታው ላይ ተቀመጥኩና መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወትኩት። መሪያችን ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

ፊቱ ተለወጠ። ረቡዕ ረቡዕ እጁን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ ባልተማርነው ቋንቋ አናግረን» እያለ ላብ እስኪያጠምቀው የሚጸልይ ሰው፣ ያልተማርኩትን ኪቦርድ ስጫወት መንፈሴን ተጠራጠረ። «ሳይማሩ የመጣ ነገር ከየት እንደመጣ ይመርመር» አለ። መረመሩኝ። ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን ጭነው «ውጣ!» እያሉ ጮኹ። ምንም አልወጣም። ከመዘምራኑ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። መዘምራኑ ሊያወጡት የነበረው ካሴት ያለ እኔ ተቀዳ፣ እኔም ከዚያ ወዲያ ኪቦርድ አልነካሁም። እንዴት እንደቻልኩ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ማንስ ጠየቀኝ? የጠየቁት ጋኔኑን ነበር።

እግዜር ቀልድ ስለሚወድ ልጄ የእሱን ልጅ አገባች። የጋራ የልጅ ልጅ አለችን፣ እሷም በስልኳ እያየች ኪቦርድ ለመደች። ቅርብ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ተጫዋች አዲስ አበባ ተዛወረና ልጅቷ «እኔ ልጫወት» ብላ ጠየቀች። የሚፈቅደው ማን ነው? የሙዚቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አያቷ። «እሁድ እነግርሻለሁ» ብሏት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች።

እሁድ ቱላ በሚባለው ሰፈር፣ ልጄ ቤት ተሰበሰብን። አሳው ተበልቶ አለቀ፣ እሱ ግን ስለ ኪቦርዱ ትንፍሽ አላለም። ልጅቷ ጭንቀቷን ልትረሳ ነው መሰለኝ የጠፈር ፊልም ከፈተች፣ ክፍል ሁለት። ውኃ በሌለበት ዓለም ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የምትቀዳ አንዲት ልጅ አለች። ከሰማይ መርከብ ሲወድቅ እጇን ዘርግታ አየር ላይ ታቆመዋለች።

ሰውዬው ከሶፋው ተነሳ። «ይሄማ አይታመንም!»

«ምኑ?» አልኩ።

«ማን አስተማራት? በክፍል አንድ ልጁን እንኳ ሽማግሌው ተራራ ላይ አሠልጥኖታል!»

«አባባ፣ እሱ እኮ የሠለጠነው አንድ ከሰዓት ነው» አለች ልጅቷ። «ማታውን ጦርነት ገባ።»

«እሱ ጸጋ ነበረው።»

«እሷስ?»

«እሷማ… ደራሲው ሰነፍ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መርከብ አየር በሌለበት ሲያጓራ አምኗል። ባለ ሦስት ሆድ አውሬ ሕግ ሲጠቅስ አምኗል። አልዋጥልህ ያለው የሴት ልጅ እጅ ነው።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «መጀመሪያ ላይ ጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጣ ነፋሱን ስታዳምጥ አላዩም?»

«መቼ?»

«ስልክ ሲያወሩ።»

ልጄ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

ላለመዋሸት፣ ፊልሙም ጥፋት አለበት። አንድ ጊዜ እንኳ ስትሳሳት ቢያሳዩን ምን ነበረበት? እኔም ያኔ በወጣትነቴ የጽዳት ተራዬ በደረሰ ቁጥር የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ በልምምድ የሰማሁትን ኪቦርዱ ላይ በአንድ ጣት እፈልግ ነበር፤ ስሳሳት የሰሙኝ ባዶ ወንበሮች ናቸው። ሰው ያላየውን ልፋት ወይ ተአምር ይለዋል፣ ወይ ጋኔን። ደራሲው ሰነፍ ነው የሚለው አዲስ ነው።

ልጅቷ ፊልሙን አቆመችው። «እሺ አባባ፣ የኔስ ነገር?»

«አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«ስልኬ።»

«አየሽ! መጀመሪያ ሁለት ዓመት ከመዘምራኑ ጋር ቁሚ። ከዚያ ይመረመራል።»

ይመረመራል የሚለውን ቃል ስሰማ እጄ ጭንቅላቴን ነካ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ውሸት ነበር።

«እርስዎን ደግሞ ማን…» ብሎ ጀመረና አቆመ። አስታወሰ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ የቆመው ፊልም ላይ ተከለ። ይቅርታ እስኪለኝ ጠበቅሁ።

«ኮሚቴው ይወስናል» አለ።

በሚቀጥለው እሁድ ልጅቷን ይዤ ቡሹሎ አጠገብ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ኪቦርድ አላቸው፣ ተጫዋች የላቸውም። ማን እንዳስተማራት አልጠየቁም። እሁድ እሁድ ትጫወታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አስተምራታለሁ።